የአጥንት ልጓም፦ ስክለሮስቲን የሚባለው ፕሮቲን እና የሕክምናው ቅደም ተከተል

አጥንት ሳሳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ካልሲየምን ነው። ካልሲየም ግን ድንጋይና ስሚንቶ እንጂ ግንበኛ አይደለም። ቁሳቁሱ በግቢው ቢከመርም ግንበኛው ካልተነሣ ግድግዳ አይቆምም። በአጥንት ውስጥ ግንበኛውን «ተቀመጥ» ብሎ ከሚይዙት ልጓሞች ዋነኛው ስክለሮስቲን የሚባል አነስተኛ ፕሮቲን ነው። ይህን ልጓም የሚፈታ ሮሞሶዙማብ የሚባል መድኃኒት ከ2019 ጀምሮ በበርካታ አገሮች ፈቃድ አግኝቶ በሥራ ላይ ይገኛል። መድኃኒቱ ከቀደሙት በአንድ ነገር ይለያል፤ ፋይዳውን የሚወስነው መወሰዱ ብቻ ሳይሆን ከምን በፊትና ከምን በኋላ መወሰዱ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የተገኘው አጥንት ተመልሶ ይጠፋል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት ደግሞ ፕሮቲኑ የሚሠራበትን መንገድ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

አፍራሽ፣ ገንቢ እና የተቀበረው ተቆጣጣሪ

ያደገ ሰው አጥንት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ዕረፍት የለውም። በየዓመቱ ከመላው አጽም 10 በመቶ ያህሉ ፈርሶ በአዲስ ይተካል። አፍራሾቹ ኦስቲዮክላስት የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው፤ አሲድና ኢንዛይም እያመነጩ በአጥንቱ ገጽ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የአንድ ቦታ ቁፋሮ በጥቂት ሳምንታት ያልቃል። ከዚያ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ገንቢዎች ገብተው ጉድጓዱን ይሞሉታል፤ ይህኛው ሥራ ግን ወራት ይፈጃል። ማፍረስ ፈጣን፣ መገንባት ዘገምተኛ መሆኑ ከታች ለሚመጣው ሁሉ ቁልፍ ነው። የአፍራሾቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲያሻቅብ፣ ለምሳሌ ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን ሲቀንስ፣ ገንቢዎቹ ቢሮጡም አይደርሱባቸውም፤ የዓመታት ድምሩ የሳሳ አጥንት ነው።

ገንቢዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ዕጣቸው ሦስት ዓይነት ነው። ከፊሎቹ ይሞታሉ። ከፊሎቹ በአጥንቱ ገጽ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግተው ያርፋሉ። የቀሩት ደግሞ ራሳቸው በገነቡት ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። እነዚህ የተቀበሩት ኦስቲዮሳይት ይባላሉ፤ ባደገ አጥንት ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። በአንድ ሰው አጽም ውስጥ ቁጥራቸው 40 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። አፍራሽ ሕዋስ ለሳምንታት፣ ገንቢ ሕዋስ ለወራት ሲኖር ኦስቲዮሳይት ግን ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ከእያንዳንዱ ሕዋስ በርካታ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተው በጥቃቅን ቦዮች ውስጥ ያልፉና ከጎረቤት ሕዋሳት ጋርና ከአጥንቱ ገጽ ጋር ይገናኛሉ። ለረጅም ጊዜ «ጡረታ የወጡ» ተብለው ይታዩ የነበሩት እነዚህ ሕዋሳት፣ የአጥንቱን ሥራ የሚቆጣጠሩ መሆናቸው የታወቀው በተለይ በስክለሮስቲን ምክንያት ነው፤ ፕሮቲኑን በዋናነት የሚያመነጩት እነርሱ ናቸውና።

ልጓሙ የሚይዘው የትኛውን ገመድ ነው?

ስክለሮስቲንን የሚሠራው ጂን ስሙ «ሶስት» (SOST) ነው፤ ቁጥር አይደለም፤ በ17ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ይገኛል። ጂኑ የተለየው በ2001 ነው። በመጀመሪያ ተመራማሪዎች ፕሮቲኑ የአጥንት እድገትን የሚያነሣሱ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይዞ የሚያስቀር መስሏቸው ነበር፤ በቅርጹ የዚያ ቤተሰብ አባል ይመስላልና። በ2005 የወጡ ሥራዎች እውነተኛውን ቦታ አሳዩ። ስክለሮስቲን የሚያግደው ውንት የሚባለውን የመልእክት መንገድ ነው።

መንገዱ እንዲህ ይሠራል። ውንት የሚባሉት ፕሮቲኖች በገንቢው ሕዋስ ገጽ ላይ ሁለት ተቀባዮችን በአንድ ጊዜ ይይዛሉ፤ አንደኛው ፍሪዝልድ፣ ሌላኛው ኤልአርፒ5 ወይም ኤልአርፒ6 ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ በሕዋሱ ውስጥ ቤታ-ካቴኒን የሚባለውን ፕሮቲን ያለማቋረጥ የሚያጠፋው ቡድን ሥራውን ያቆማል። ቤታ-ካቴኒን ይጠራቀምና ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ የግንባታ ጂኖችን ያበራል። ስክለሮስቲን ከኤልአርፒ5 እና 6 ጋር ሲጣበቅ ውንት የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል። መልእክቱ አይደርስም፣ ቤታ-ካቴኒን መጥፋቱን ይቀጥላል፣ ገንቢው ይቀመጣል። ኤልአርፒ4 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ስክለሮስቲንን በሕዋሱ ገጽ ላይ አስሮ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ኤልአርፒ4 ሲበላሽ ስክለሮስቲን ቢኖርም ልጓሙ ይላላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ስክለሮስቲን ኦስቲዮሳይቶቹን ራሳቸውን ራንክል የሚባል ፕሮቲን እንዲያመነጩ ይገፋፋል፤ ራንክል ደግሞ አፍራሾቹን የሚወልድና የሚያነሣሣ ምልክት ነው። አንዱ ፕሮቲን ገንቢውን እየያዘ አፍራሹን ይለቃል ማለት ነው። ሲታገድም ሁለቱም ይገለበጣሉ፤ ግንባታ ይነሣል፣ ማፍረስ ይቀንሳል። ይህን ፕሮቲን ከሚያግደው መድኃኒት በፊት የነበሩት የአጥንት መድኃኒቶች ግን በአብዛኛው ግንባታንና ማፍረስን ወይ አንድ ላይ ይቀንሱ ወይ አንድ ላይ ይጨምሩ ነበር።

ልጓሙ የተበጠሰባቸው ቤተሰቦች

ስለዚህ ፕሮቲን ከሁሉ ቀድመው ያስተማሩት ያለ እርሱ የተወለዱ ሰዎች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ባሉት አፍሪካነር ማኅበረሰቦች ውስጥ ስክለሮስቲዮሲስ የሚባል ብርቅ የዘር ሕመም ይታያል። ሕመሙ የሚገለጠው ልጁ የተበላሸውን ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው። ብዙዎቹ ሲወለዱ የእጃቸው ጣቶች የተጣበቁ ናቸው፤ በተለይም ሌባ ጣትና መሐል ጣት። በቁመት ይረዝማሉ፣ አጥንታቸው እጅግ ይወፍራል፣ ለመሰበር ያስቸግራል።

ጠንካራ አጥንት ሁሉ በረከት እንዳልሆነም ያስተማሩት እነርሱ ናቸው። ነርቮች ከራስ ቅል የሚወጡት በጠባብ ቀዳዳዎች ነው፤ አጥንቱ ሲወፍር ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ። የፊት ነርቭ ሲጨመቅ የፊት ጡንቻ ይሰንፋል፤ ይህ በሕፃንነት ሊጀምር ይችላል። የመስማት ነርቭና የጆሮ አጥንቶች ሲጎዱ ጆሮ ይደነቁራል። የራስ ቅሉ ወደ ውስጥ ሲያድግ አንጎል ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ሲያይል በድንገት ሊገድል ስለሚችል ሐኪሞች የራስ ቅሉን ከፍተው ቦታ የሚያሰፉበት ጊዜ አለ።

በኔዘርላንድስ ደግሞ ቀድሞ ደሴት ከነበረችው ኡርክ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ ሕመም አለ፤ በ1955 በገለጹት ሐኪም ስም የቫን ቡከም በሽታ ይባላል። ቀለል ይላል፣ ጣት አያጣብቅም። የሚያስገርመው እነዚህ ሰዎች የስክለሮስቲን ጂናቸው ደህና መሆኑ ነው። የጠፋው ከጂኑ ርቆ፣ ወደ ታች ባለው ቦታ የሚገኝ 52 ሺህ ፊደል ያህል ርዝመት ያለው የዲኤንኤ ክፍል ነው። በዚያ ውስጥ ጂኑን በአጥንት ሕዋስ ውስጥ የሚያበራው ማብሪያ አለ። አምፖሉ አለ፣ ማብሪያው ተነቅሏል። ይህ ማብሪያ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ስክለሮስቲንን ለመቀነስ የሚጠቀምበትም ነው፤ በየቀኑ በ20 ማይክሮግራም የሚወጋው ቴሪፓራታይድ አጥንት ከሚገነባባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው።

መድኃኒት ፈላጊዎችን ያደፋፈረው ግን የሕሙማኑ ወላጆች ሁኔታ ነበር። አንድ ደህና እና አንድ የተበላሸ ጂን የያዙት ወላጆች ጤነኞች ናቸው፤ ነርቫቸው አልተጨመቀም፤ የአጥንታቸው እፍጋት ግን ከአማካዩ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ልጓሙን ሙሉ በሙሉ ለዕድሜ ልክ መበጠስ ይጎዳል፣ በልክና ለጊዜው ማላላት ግን ይጠቅማል።

ሸክም ለሕዋስ የሚናገረው

ጤነኛ ሰው ውስጥ ልጓሙን የሚያላላው ዋናው ነገር ሸክም ነው። አጥንት ክብደት ሲያርፍበት በዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል። በጥቃቅን ቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይገፋል፣ የኦስቲዮሳይቶቹን ቅርንጫፎች እያሸ ያልፋል፣ ሕዋሱም ስክለሮስቲን ማምረቱን ይቀንሳል። በአይጦች ክንድ ላይ በተደረገ ሙከራ ፕሮቲኑ ይበልጥ የቀነሰው አጥንቱ ይበልጥ በታጠፈበት ቦታ ነው፤ አዲስ አጥንት የተጨመረውም እዚያው ላይ ነበር። ግንባታው የሚመራው በሰፈር ደረጃ ነው እንጂ መላው አጽም በአንድ ትእዛዝ አይነሣም። ሯጭ እግሩን እንጂ ክንዱን የማያጠነክረው ለዚህ ነው።

ሸክም ሲጠፋ ተቃራኒው ይመጣል። ለሳምንታት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ስክለሮስቲኑ ይጨምራል። የጠፈር ተጓዦች በቂ መከላከያ ካልተደረገላቸው ከዳሌያቸው በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን አጥንት ያጣሉ፤ ከማረጥ በኋላ ያለች ሴት ይህን ያህል የምታጣው በዓመት ነው። ስክለሮስቲን የሌላቸው አይጦች ግን ሸክም ሲነሣባቸው አጥንታቸው አይሳሳም። «ሥራ የለም፣ አፍርሱ» የሚለው ወሬ የሚደርሰው በዚህ ፕሮቲን በኩል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ለእንቅስቃሴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር መናገር ይገባል፤ «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ብቻውን ብዙ ሰው ያሳስታልና። አጥንት የሚሰማው የሚለዋወጥ ሸክምን ነው። ከባድ ነገር ይዞ ዝም ብሎ መቆም ፈሳሹን አያንቀሳቅሰውም። መዋኘትና ብስክሌት መንዳት ለልብ ይበጃሉ፤ ክብደትን ከአጥንት ላይ ስለሚያነሡ ግን አጥንትን እምብዛም አይገነቡም። ሕዋሱ ቶሎ ይሰለቻል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች በቀን ጥቂት አሥር ምቶች ካለፉ በኋላ ተጨማሪው ድግግሞሽ ምንም ያህል አልጨመረም፤ ሕዋሱ ጆሮውን መልሶ የሚከፍተው ከሰዓታት ዕረፍት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ሳይሆን አጭር፣ ጠንከር ያለና የተከፋፈለ ሥራ ይሻላል።

በ2018 የወጣ አንድ ሙከራ ይህን በሰው ላይ አሳይቷል። የአጥንት እፍጋታቸው ዝቅ ያለና ያረጡ 101 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ለ8 ወር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ሠሩ፤ ከመሬት ክብደት ማንሣት፣ ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ማለት፣ ከራስ በላይ መግፋት፣ እንዲሁም ተንጠልጥሎ ወርዶ በእግር መሬት መምታት። ክብደቱ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት ከሚችሉት 85 በመቶ በላይ ነበር፤ 5 ዙር በ5 ድግግሞሽ። በታችኛው አከርካሪ ላይ የአጥንት እፍጋታቸው በ2.9 በመቶ ጨመረ፤ ቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ የሠሩት በ1.2 በመቶ ቀነሱ። ነገር ግን ይህ ክብደት በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አነሳሱን በቀላል ክብደት ተምረዋል። አከርካሪው የሳሳ ሰው ጀርባውን አጉብጦ ክብደት ካነሣ የአከርካሪው የፊት ጎን ሊደቅ ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ አሠልጣኝ ቅንጦት አይደለም።

የደም ምርመራው ለምን አይረዳም

ፕሮቲኑ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ በደም ውስጥ ለክቶ ማወቅ አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ይለካል፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዕድሜ ይጨምራል፣ በወንዶች ከሴቶች ይበልጣል፣ ኩላሊት ሲደክምም ከፍ ይላል። ብዙ አጥንት ያለው ሰው ብዙ ኦስቲዮሳይት ስላለው አጥንቱ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የደሙ ስክለሮስቲን ከፍ ሊል ይችላል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ደግሞ ስክለሮስቲን ከፍ ይላል፤ የአጥንት እፍጋቱ ደህና መስሎ እየታየ ስብራት ይበዛል። የተለያዩ ፋብሪካዎች የመለኪያ ኪቶችም ለአንድ ናሙና የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ስለዚህ ሕክምና ለመጀመርም ሆነ ለመተው በዚህ ቁጥር መወሰን አይገባም።

ልጓሙን የሚፈታው መርፌ

ሮሞሶዙማብ ከስክለሮስቲን ጋር ተጣብቆ ተቀባዮቹን እንዳይነካ የሚያደርግ ፀረ-እንግዳ አካል ነው። ጃፓን በጥር 2019፣ አሜሪካ በሚያዝያ 2019፣ የአውሮፓ ኅብረት በታኅሣሥ 2019 ፈቅደውታል። የሚሰጠው በተለይ ስብራት በጣም ለሚያሰጋቸው ያረጡ ሴቶች ነው፤ በጃፓን ለወንዶችም ይሰጣል።

መጠኑ በወር 210 ሚሊግራም ነው፤ ለ12 ወር። አንዱ ስሪንጅ 105 ሚሊግራም ስለሚይዝ በአንድ ቀን ሁለት መርፌ ተከታትሎ ከቆዳ ሥር ይወጋል፤ በሆድ፣ በጭን ወይም በላይኛው ክንድ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በተለየ ቦታ ላይ። እዚህ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፤ አንዱን ብቻ ወግቶ ሙሉውን የሰጡ መምሰል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ መናወጥ የለበትም፣ ከመወጋቱ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት መቆየት አለበት። ቀጠሮ ካለፈ እንደተቻለ ወዲያው ይሰጥና ቀጣዩ ወር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መታየት አለባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንቢዎች በብዛት ሲነሡ ካልሲየምን ከደም ይስባሉ፣ አፍራሾቹም ወደ ደም የሚመልሱት ይቀንሳል። ደሙ ድሮም ዝቅ ያለ ከሆነ መድኃኒቱ ጣት መደንዘዝና የጡንቻ መኮማተር ያመጣል፣ ሲብስም የልብ ምትን ያዛባል። የደም ካልሲየም ዝቅ ያለበት ሰው ሳይስተካከልለት አይጀምርም። በትልቁ ሙከራ ተሳታፊዎቹ በየቀኑ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ካልሲየምና ከ600 እስከ 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይወስዱ ነበር። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ወይም በዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው የበለጠ ክትትል ይሻል። ጥርስ መነቀል ካለበት ከመርፌው በፊት ቢነቀል ይመረጣል፤ የመንጋጋ አጥንት መሞት ብርቅ ቢሆንም ታይቷልና።

ውጤቱስ? በ2016 የወጣው ሙከራ 7180 ያረጡ ሴቶችን ያካተተ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት በማስመሰያ መርፌ ከተወጉት 1.8 በመቶው ላይ፣ ሮሞሶዙማብ ከወሰዱት 0.5 በመቶው ላይ ታየ፤ አደጋው በ73 በመቶ ቀነሰ። የታችኛው አከርካሪ እፍጋት 13 በመቶ ገደማ፣ የዳሌው 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። በዓመት ውስጥ ይህን ያህል መጨመር ለአጥንት ሕክምና ትልቅ ነገር ነው። በ2017 የወጣው ሁለተኛው ሙከራ ቀድሞ ስብራት የደረሰባቸውን 4093 ሴቶች ይዞ ከእውነተኛ መድኃኒት ጋር አወዳደረ። አንደኛው ቡድን ዓመት ሮሞሶዙማብ ወስዶ አፍራሾቹን ወደሚይዘው የቆየ መድኃኒት፣ ወደ አሌንድሮኔት ተዛወረ፤ ሌላኛው ከመጀመሪያው አሌንድሮኔት ብቻ ወሰደ። በሁለት ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራት በመጀመሪያው ቡድን 6.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 11.9 በመቶ ሆነ፤ የዳሌ ስብራትም በ38 በመቶ ቀነሰ።

ይኸው ሁለተኛው ሙከራ ግን ማስጠንቀቂያም ይዞ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ሮሞሶዙማብ ከወሰዱት 2.5 በመቶው፣ አሌንድሮኔት ከወሰዱት 1.9 በመቶው ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ስክለሮስቲን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥም ይገኛል፤ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው ወይስ አሌንድሮኔት ልብን ስለጠበቀ የሚለው ክርክር አልተቋጨም። በአሜሪካ ሕግ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልብ ጡንቻ ደም የተቋረጠበት ወይም ስትሮክ የያዘው ሰው መጀመር የለበትም፤ በአውሮፓ ይህ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜም ቢሆን የደረሰበት ሰው አይወስድም። ጠንከር ያለውን የአውሮፓን መንገድ መከተል የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ለአጥንት ሌላ መድኃኒት አለ።

ለምን 12 ወር ብቻ? ከዚያስ?

መርፌው በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው የግንባታ አመልካች ጣሪያ ይነካል። ይህ የሆነው በአብዛኛው በአጥንቱ ገጽ ላይ አርፈው የነበሩት ሕዋሳት ነቅተው ስለሚሠሩ ነው፤ ቀድሞ ቁፋሮ ሳያስፈልግ አዲስ ንብርብር ይደረባል። ከዚያ አመልካቹ መውረድ ይጀምርና በ9ኛው ወር ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የአፍራሾቹ አመልካች ግን ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ገንቢዎቹ ለምን ይደክማሉ ቢሉ፣ አካሉ አንዱ ልጓም ሲፈታበት ዲኬኬ1 የሚባለውን ሌላ የውንት ተቃዋሚ ስለሚያጠብቅ ነው፤ የሚነቁት ያረፉ ሕዋሳትም ያልቃሉ። መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መቀጠል እንግዲህ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

አደጋው የሚመጣው መርፌው ሲቆም ነው። ሮሞሶዙማብ ከደም ሲጠፋ ስክለሮስቲን ወዲያው ሥራውን ይይዛል፣ ራንክልም ይነሣል፣ አፍራሾቹ ይመለሳሉ። ቀደም ባለ ሙከራ ከመድኃኒቱ በኋላ ምንም ያልተሰጣቸው ሰዎች የጨመሩትን እፍጋት በአንድ ዓመት ውስጥ በአብዛኛው አጥተውታል። በዋጋውም በድካሙም ውድ የሆነ ዓመት ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ከ12ኛው መርፌ በኋላ አፍራሹን የሚይዝ መድኃኒት የግድ መከተል አለበት፤ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ።

ቅደም ተከተሉን ማገላበጥም ይጎዳል። ብዙ ሰው ዓመታትን በቢስፎስፎኔት (እነ አሌንድሮኔትና ዞሌድሮኒክ አሲድ ያሉበት የመድኃኒት ቤተሰብ) ካሳለፈ በኋላ ነው ወደ ሮሞሶዙማብ የሚመጣው። በ2017 በወጣ ሙከራ ቢስፎስፎኔት ሲወስዱ የቆዩ 436 ሴቶች ወደ ሮሞሶዙማብ ወይም ወደ ቴሪፓራታይድ ተዛወሩ፤ የመጀመሪያዎቹ የዳሌ እፍጋታቸው በ2.6 በመቶ ጨመረ፣ የሁለተኛዎቹ በ0.6 በመቶ ቀነሰ። ከቴሪፓራታይድ ይሻላል፤ ነገር ግን ያልታከመ አጥንት ከሚያገኘው 7 በመቶ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ለከባድ ስጋት የተጋለጠ ሰው፣ ለምሳሌ በቅርቡ አከርካሪው የተሰበረበት፣ ገንቢውን መድኃኒት ቀድሞ ማግኘት ይገባዋል። ዛሬም በብዙ ቦታ ገንቢው የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ የሚቀመጥበት ልማድ ሕሙማንን እየጎዳ ነው።

ተከታዩ ዴኖሱማብ ከሆነ ሌላ ቀጠሮ ይመጣል። በየ6 ወሩ 60 ሚሊግራም ይወጋል፤ ራንክልን በቀጥታ ይይዛል። ከ6 ወር ብዙ ከዘገየ ግን ታግደው የተጠራቀሙት አፍራሾች በአንድ ላይ ይነሣሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለትና ሦስት አከርካሪ አንድ ላይ የተሰበረባቸው ሰዎች አሉ። ቀጠሮ ማክበር ለሚያስቸግረው ሰው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ ይሻለዋል፤ በአጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቆይ አንድ ወር ቢዘገይ ጉዳት የለውም።

ለውጡ የሚለካው ዴክሳ በሚባለው የአጥንት እፍጋት መለኪያ የራጅ መሣሪያ ነው። ንባቡ ቲ-ስኮር ተብሎ የሚሰጠው ከወጣት ጤነኛ አማካይ በምን ያህል እንደሚርቅ ሲሆን -2.5 እና ከዚያ በታች የሳሳ አጥንት ይባላል። ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሁለቱ ልኬቶች በአንድ መሣሪያ ይሁኑ፤ በተለያዩ መሣሪያዎች የመጡ ቁጥሮች አይነጻጸሩም። ሁለተኛ፣ የደቀቀ አከርካሪ ወይም በመገጣጠሚያ ሕመም ያበጠ አጥንት እፍጋቱን በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ አከርካሪ ከስሌቱ መውጣት አለበት፣ ዳሌውም አብሮ መነበብ አለበት። ከ3 በመቶ በታች የሆነ ለውጥ የመሣሪያው መዋዠቅ ሊሆን ይችላል።

በወረቀት ላይ ቀላል ሆኖ በሥራ ላይ የሚረሳው የመጨረሻው ቀጠሮ ነው። 12ኛው መርፌ በተሰጠበት ቀን ታካሚዋ የሚከተለውን መድኃኒት ስምና የሚጀመርበትን ቀን ይዛ መውጣት አለባት፤ ያ ቀን አንድ ወር ብቻ የሚርቅ፣ 13ኛው መርፌ ይሰጥበት በነበረው ቀን የሚውል ነው።